በታክስ ማደም ወንጀል ጥፋተኛ ከተባሉ በኋላ «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ ይግባኝ የማለት አካሄድ

ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከችሎት ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «ያ ምስክር ዋሽቶብኛል፤ ይግባኝ ብዬ የበላይ ዳኞች ፊት እውነቱን አወጣዋለሁ» ይላል። ምስክሩ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ግን የማስረጃ አለመብቃት ይግባኝ በዚህ መንገድ አይሄድም። የይግባኝ ዳኞች ምስክር አይሰሙም፣ አዲስ ሰነድ አይቀበሉም፣ ማን ዋሸ ማን እውነት ተናገረ ብለውም አይመዝኑም፤ ያ ሥራ የጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው በችሎቱ የፈረዱት ሰዎች ነበር፣ ጁሪውም ጨርሶታል። እነርሱ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች ሁሉ ብናምን፣ ከማስረጃውም ሊወጣ የሚችለውን ምክንያታዊ ግምት ሁሉ ለዐቃቤ ሕግ ብንሰጥ፣ በቅጡ የሚያመዛዝን አንድ ጁሪ እያንዳንዱ የወንጀሉ ፍሬ ነገር ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል ሊል ይችል ነበር ወይ? መለኪያውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 «ጃክሰን በቨርጂኒያ ላይ» በሚባለው ጉዳይ አስቀምጦታል። ስለዚህ የይግባኝ ባዩ ሥራ ማስረጃው ውሸት መሆኑን ማሳየት ሳይሆን፣ ማስረጃው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ አንድ ቦታ ላይ እንደሚጎድል ማሳየት ነው።

ይህን የጻፍኩት በዲሲ አካባቢ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ፣ በአትላንታ፣ በዳላስና በመሳሰሉት ከተሞች ታክስ የሚሠሩ፣ ሒሳብ የሚይዙ ወይም አነስተኛ ንግድ የሚያንቀሳቅሱ ወገኖችን በማሰብ ነው። ይግባኙን የሚጽፈው ጠበቃ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ጠበቃውን አይተካም። ነገር ግን የክሱን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቀው ተከሳሹ ስለሆነ፣ ጠበቃው ምን እንደሚፈልግ የገባው ደንበኛ ለመዝገቡ ምርመራ ትልቅ ረዳት ይሆናል።

መጀመሪያ፦ የተፈረደብዎትን አንቀጽ ይለዩ

የክስ ማመልከቻውን አውጥተው የማደም ክሱ በየትኛው ሕግ እንደቀረበ ያንብቡ። በታክስ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የፌዴራል ሕግ ርዕስ 18 አንቀጽ 371 ሲሆን፣ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና ለግለሰብ እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። አንቀጹ ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው ሌላ የተወሰነ ወንጀል ለመፈጸም ማደም ነው፤ ለምሳሌ በርዕስ 26 አንቀጽ 7201 የተከለከለውን ታክስ መሰወር ወይም በአንቀጽ 7206 የተከለከለውን ሐሰተኛ የታክስ ሪተርን (የታክስ ማስታወቂያ ቅጽ) ማቅረብ። ሁለተኛው መንግሥትን ለማጭበርበር ማደም ሲሆን፣ የሕግ ሰዎች በ1957 በሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት (የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች በየአካባቢው «ወረዳ» እየተባሉ ይከፈላሉ) ከተወሰነ ጉዳይ ስሙን ወስደው «የክላይን ሴራ» ይሉታል። ይህኛው የአይአርኤስን (የፌዴራሉን ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ታክስ የማስላትና የመሰብሰብ ሥራ በማታለል ለማደናቀፍ መስማማት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 «ሃመርሽሚት» በሚባለው ጉዳይ እንዳብራራው፣ ድርጊቱ በተንኮል ወይም ቢያንስ ሐቀኝነት በጎደለው መንገድ የተፈጸመ መሆን አለበት። በክላይን ጉዳይ የፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ ገቢን አለማሳወቅ ብቻውን ለዚህ ወንጀል እንደማይበቃ ተናግሯል፤ ይህን ቃል በሚገባ ያስታውሱት።

በአገራችን የወንጀል ሕግ ትምህርት ያለፈ ሰው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ የሚባሉትን ፍሬ ነገሮች ያውቃቸዋል። እዚህም አካሄዱ ያው ነው፤ እያንዳንዱን ፍሬ ነገር ለብቻው ነጥሎ ማየት ይጠይቃል። በአንቀጽ 371 መሠረት ዐቃቤ ሕግ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መስማማታቸውን፣ ተከሳሹ የስምምነቱን ሕገ ወጥ ዓላማ አውቆና ፈቅዶ መግባቱን፣ ከአባላቱም አንዱ ዓላማውን ለማራመድ አንድ የሚታይ ድርጊት መፈጸሙን ማስረዳት አለበት። የሚታየው ድርጊት አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይረጋገጣል፤ አንድ ቼክ ወይም አንድ ኢሜይል ይበቃዋልና በእርሱ ላይ ጊዜ አያባክኑ። ይግባኝ የሚያሸንፈው በስምምነቱና በዕውቀቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸሽጉ መነጋገር ያስፈልጋል። ጥፋቱን አምነው የተፈረደብዎት ከሆነ፣ «ማስረጃው አይበቃም» የሚለው ይግባኝ ለእርስዎ አልተዘጋጀም፤ በማመንዎ ማስረጃ የማቅረብን ሸክም ከዐቃቤ ሕጉ ላይ አንስተውለታል። ጥፋቱን ሲያምኑ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር በሚፈርሙት ስምምነት ውስጥ የይግባኝ መብትን መተው የሚል አንቀጽ መኖሩም የተለመደ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ተከራክረው ለተፈረደባቸው ነው።

ሁለተኛ፦ ቀኖቹን ይቁጠሩ

የይግባኝ ማስታወቂያው የሚገባው ፍርዱን ለሰጠው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ጊዜው 14 ቀን ሲሆን፣ መቆጠር የሚጀምረው ጁሪው ጥፋተኛ ካለበት ዕለት ሳይሆን፣ ዳኛው ቅጣቱን ወስኖ የጽሑፍ ፍርዱ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ቀን ነው። በጊዜው የቀረበ የነፃ ይባልልኝ ወይም የአዲስ ክርክር ማመልከቻ ካለ፣ ለእርሱ መልስ የሚሰጠው ትእዛዝ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት ዕለት 14 ቀን ይቆጠራል፤ ከሁለቱ የሚዘገየው ይወሰዳል። ቀኑ ካለፈ፣ በቂ ምክንያት ወይም ይቅር የሚያሰኝ መዘንጋት መኖሩን አሳይቶ እስከ 30 ቀን ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ በዚህ መተማመን ግን ሞኝነት ነው።

ማስታወቂያው አንድ ገጽ የማይሞላ ወረቀት ነው። ማን ይግባኝ እንደሚል፣ ከየትኛው ፍርድ ላይ እንደሚል፣ ወደ የትኛው ይግባኝ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ ይጽፋል፤ ክርክር አይጻፍበትም። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሪችመንድ ያለው አራተኛው ወረዳ፣ ለዋሽንግተን ስቴትና ለኔቫዳ ዘጠነኛው፣ ለሚኒሶታ ስምንተኛው፣ ለቴክሳስ አምስተኛው፣ ለጆርጂያ አሥራ አንደኛው ነው። ክፍያው 605 ዶላር ሲሆን፣ አቅም የሌለው ነፃ እንዲደረግ ያመለክታል፤ በመንግሥት ወጪ የተመደበ ጠበቃም ለይግባኙ ሊቀጥል ወይም ሊመደብ ይችላል።

ለጠበቃዎ «ይግባኝ ግባልኝ» የሚለውን በቃል ብቻ አይንገሩት። በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይጻፉለት፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ይህን የምለው፣ በወገኖቻችን ዘንድ ጠበቃን በጽሑፍ ማዘዝ እንደ አለማመን ወይም እንደ ድፍረት ስለሚታይና ብዙ ሰው «አውቆ ያደርገዋል» ብሎ ዝም ስለሚል ነው። ደንበኛው በግልጽ አዝዞት ማስታወቂያ ሳያስገባ የቀረ ጠበቃ ግዴታውን እንዳልተወጣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወስኗል፤ ነገር ግን ማዘዝዎን የሚያስረዳው ጽሑፍ ነው። ዳኛው ቅጣት ሲወስን የይግባኝ መብትዎን ይነግርዎታል፤ በዚያን ጊዜ ከጠየቁ የፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ማስታወቂያውን አዘጋጅቶ ማስገባት አለበት። የታሰረ ሰው ደግሞ ማስታወቂያውን በማረሚያ ቤቱ ፖስታ አሠራር በጊዜው ካስገባ፣ ፍርድ ቤቱ የዘገየ ደብዳቤ ቢደርሰውም በጊዜው እንደቀረበ ይቆጠርለታል።

ሦስተኛ፦ በደንብ ቁጥር 29 መሠረት መቃወሚያው መቅረቡን ያረጋግጡ

በኢትዮጵያ ችሎት የቆመ ሰው ይህን ደረጃ በቀላሉ ይረዳዋል። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል፤ ማስረጃው ካልበቃ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበታል። የፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 29 ከሞላ ጎደል የዚህ አቻ ነው፤ ልዩነቱ ተከሳሹ ራሱ መጠየቁና ጥያቄውም በተለያዩ ጊዜያት ሊደገም መቻሉ ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን ሲጨርስ ይጠየቃል፤ መከላከያው ሲያበቃ ይደገማል፤ ጁሪው ጥፋተኛ ካለ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። በችሎቱ ወቅት ጨርሶ ሳይጠየቅ ቢቀር እንኳ ከፍርዱ በኋላ ያለው የ14 ቀን ዕድል አይዘጋም፤ ደንቡ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄው መቅረቡ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል? ከቀረበ፣ የይግባኝ ዳኞች ጉዳዩን እንደ አዲስ፣ ለሥር ዳኛው ሳያደሉ ያዩታል። ካልቀረበ ግን ጉልህ ስህተት ወይም ፍትሕን የሚያዛባ ውጤት ካልታየ በቀር አይነኩትም፤ ያ ደግሞ እጅግ ጠባብ በር ነው። ጠበቃው በችሎት የተናገረውንም ያንብቡ። «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ በጥቅሉ ከጠየቀ ሁሉንም ፍሬ ነገር ያካትታል። «የሚታይ ድርጊት አልተረጋገጠም» ብሎ አንዱን ብቻ ለይቶ ከጠቀሰ ግን፣ በአንዳንድ ወረዳዎች ሌሎቹን እንደተወ ይቆጠራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ውድቅ ተደርጎ መከላከያ ካቀረቡ፣ ይግባኙ የሚታየው በመከላከያው ማስረጃ ጭምር ነው። በአሥራ አንደኛው ወረዳማ ተከሳሹ ራሱ መስክሮ ጁሪው ካላመነው፣ የተናገረው ቃል በተቃራኒው እውነት እንደሆነ ተደርጎ ለዐቃቤ ሕግ ሊቆጠርለት ይችላል። ስለዚህ አትላንታ ተከራክሮ የመሰከረ ሰው የራሱን ምስክርነት ከሌላው በበለጠ ጥንቃቄ ማንበብ አለበት።

አራተኛ፦ መዝገቡን በአራት ዓምድ ይዘርዝሩ

ማስታወቂያው ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ትራንስክሪፕት የሚባለው የችሎቱ ቃል በቃል ጽሑፍ መታዘዝ አለበት። በማስረጃ ብቃት ለሚከራከር ሰው ሙሉው ያስፈልጋል፤ ጎደለ የሚሉትን ማሳየት የሚቻለው ሁሉንም ካቀረቡ ብቻ ነውና። ከዚያ ወረቀት ወስደው አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ፍሬ ነገሩ፣ ዐቃቤ ሕግ ለዚያ ያቀረበው ማስረጃ፣ የሚገኝበት ገጽና መስመር፣ በመጨረሻም ከማስረጃው ተነስቶ ፍሬ ነገሩ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ግምት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የይግባኙ ዕጣ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልፍጠር። የአንድ ሬስቶራንት ባለቤትና የሒሳብ ሠራተኛዋ የካሽ ገቢን ለመደበቅ አድመዋል ተብለው ተፈረደባቸው እንበል፤ ይግባኝ የምትለው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ሦስት ነገር ነው። የአይአርኤስ ባለሙያ የባንክ ሒሳቡንና ሪተርኖቹን አነጻጽሮ የገቢ ልዩነት መኖሩን መስክሯል። አንዲት አስተናጋጅ ባለቤቱ በየማታው ካሹን በፖስታ ይዞ ይወጣ እንደነበር ተናግራለች። ከባለቤቱ ስልክ የተገኘ፣ ለሠራተኛዋ የተላከ የአማርኛ መልእክት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የማርቹን ሒሳብ ዛሬ አስተካክዪው።»

አሁን ዓምዱን እንሙላ። የባለሙያው ምስክርነት ሪተርኑ ሐሰት መሆኑን ያስረዳል፤ ስለ ስምምነት ግን ምንም አይልም። አስተናጋጇ ያየችው ባለቤቱን ነው፤ ሠራተኛዋ በቦታው እንደነበረች አልተናገረችም። የቀረው «አስተካክዪው» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እኛ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንጠቀምበታለን! አልጋ ይስተካከላል፣ ፀጉር ይስተካከላል፣ የተዛባ ሒሳብም ከባንኩ ወረቀት ጋር ይስተካከላል። በሌላ አነጋገር ደግሞ ማስተካከል ማጭበርበር ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ዓምድ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ቃሉ ማጭበርበርን እንደሚያመለክት መገመት፤ ሠራተኛዋም እንዲሁ እንደተረዳችው መገመት፤ ተረድታም እንደተስማማች መገመት፤ የተስማማችውም ታክስ ለመደበቅ እንጂ ባለቤቱ ከሽርካው ወይም ከሚስቱ ገንዘብ እንዲሰውር እንዳልሆነ መገመት። አራት ግምት በአንድ ቃል ላይ ተደራረበ።

ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ መዝገቡ ተዘግቷል። የዐቃቤ ሕግ አስተርጓሚ «ይህ ቃል ቁጥር ማጭበርበር ማለት ነው» ብሎ መስክሮ፣ መከላከያው የራሱን አስተርጓሚ ሳያቀርብ ቀርቶ ከሆነ፣ የይግባኝ ዳኞች የዐቃቤ ሕጉን ትርጉም ይዘው ነው የሚያነቡት፤ አዲስ የትርጉም ማስረጃ ማያያዝ አይቻልም። ያ ጥፋት የጠበቃው ከሆነ ቦታው ይህ ይግባኝ ሳይሆን፣ ኋላ በርዕስ 28 አንቀጽ 2255 መሠረት ፍርዱ ይነሣልኝ ተብሎ ለፈረደው ፍርድ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ ነው።

እንዲሁም በስህተት የተፈቀደ ማስረጃ እንኳ በብቃት ምዘና ውስጥ እንደሚቆጠር በ1988 «ሎክሃርት በኔልሰን ላይ» ተወስኗል። ስለዚህ የሰነዱን ተቀባይነት መቃወም ለብቻው ይቅረብ፤ ውጤቱም ነፃ መውጣት ሳይሆን አዲስ ክርክር ነው።

አምስተኛ፦ ክርክሩ የሚጸናበትን ቦታ ይምረጡ

ለታክስ ማደም ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ1959 የተሰጠው የኢንግራም ጉዳይ ነው። አትላንታ ውስጥ ሕገ ወጥ ሎተሪ ያካሂዱ የነበሩ ሰዎች ታክስ ለመሰወር አድመዋል ተብለው ተፈርዶባቸው ነበር። ፍርድ ቤቱ በሁለቱ የሎተሪው መሪዎች ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጸና፤ ታክሱ የእነርሱ ዕዳ ስለነበረ ጁሪው ዕውቀታቸውን ሊገምት ይችላልና። ዝቅተኛ ሥራ ይሠሩ በነበሩት በሁለቱ ላይ የተሰጠውን ግን ሻረ። እነዚህ ሰዎች ሎተሪውን መደበቃቸው እውነት ነበር፤ ሎተሪው በራሱ ክልክል ስለነበር ግን መደበቁ ከፖሊስ ለመሸሽ እንጂ ከታክስ ለመሸሽ መሆኑን አያሳይም። ታክስ መኖሩንና አለመከፈሉን ማወቃቸው ያልተረጋገጠ ሰዎች ታክስ ለመሰወር አሰቡ ሊባሉ አይችሉም። ማደም ቢያንስ ዋናው ወንጀል የሚጠይቀውን ያህል ሐሳብ እንደሚጠይቅና በግምት ላይ ግምት በመከመር እንደማይረጋገጥ ፍርድ ቤቱ በዚሁ ውሳኔ አስምሮበታል። ከላይ በምሳሌ ያነሳናት የሒሳብ ሠራተኛ የምትቆመው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ሁለተኛው በ2012 በሁለተኛው ወረዳ የተወሰነው የኮፕላን ጉዳይ ነው። የኧርነስት ኤንድ ያንግ ባለሙያዎች ለሀብታም ደንበኞች ያዘጋጇቸውን የታክስ ማስቀረጫ ዘዴዎች ይመለከታል። ከተፈረደባቸው አራት ሰዎች በሁለቱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ማስረጃው ስላልበቃ ተሻረ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ለጥፋተኝነትም ለንጽሕናም እኩል ወይም እኩል ሊባል የተቃረበ ድጋፍ ከሰጠ ምክንያታዊ ጁሪ መጠርጠሩ የግድ ነው ብሏል። ይህን መከራከሪያ ግን የትም ይዘው እንዳይሄዱ፤ አምስተኛው ወረዳ በ2014 ይህንን የሚዛን ደንብ ትቶታልና ዳላስ ወይም ሂውስተን ላይ አይሠራም።

ሦስተኛው የስምምነቱ ቅርፅ ነው። አንድ ታክስ አዘጋጅ ለሃያ ደንበኞች ሐሰተኛ ወጪ ጽፎ ሪፈንድ ቢያስወጣ፣ ሃያዎቹ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ በአንድ ሴራ ውስጥ ናቸው ማለት አይቻልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 በኮቴያኮስ ጉዳይ እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ ከመሃለኛው ሰው ጋር ብቻ ከተገናኘ ያለው ብዙ ትናንሽ ስምምነት እንጂ አንድ ትልቅ ስምምነት አይደለም። የተከሰሱበት «አንድ ትልቅ ሴራ» ከሆነ፣ ሌሎቹን ደንበኞች ማወቅዎን ወይም በእነርሱ መኖር መጠቀምዎን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳለ ይፈልጉ።

የማይሠሩትንም ማወቅ ይጠቅማል። «አብሮኝ ያደመው ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ብሎ መሰከረብኝ» የሚለው በማስረጃ ብቃት ይግባኝ ላይ ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ጁሪው ካመነው የአንድ ግብረ አበር ቃል ብቻውን ሊበቃ ይችላል። «በአንዱ ክስ ነፃ ብለው በሌላው ፈረዱብኝ» የሚለውም የፍርድ መጋጨት በራሱ ምክንያት አይሆንም። ክሱ ለሴራው ሁለት ዓላማ ጠቅሶ ማስረጃው ለአንዱ ብቻ ቢበቃም ጥቅሉ ፍርድ ይጸናል፤ ይህ የተወሰነው በ1991 በግሪፈን ጉዳይ ሲሆን፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ራሱ የአይአርኤስን ሥራ ማደናቀፍ ነበር። በተመሳሳይ ዓመት የተወሰነው የቺክ ጉዳይ ግን በተቃራኒው ይረዳል፦ ሕጉን በቅን ልቦና የተሳሳተ ሰው፣ ስህተቱ ምክንያታዊ ባይሆን እንኳ፣ እንደ 7201 ባሉ የታክስ ወንጀሎች አውቆ አጥፍቷል አይባልም። በክላይን ሴራ ላይ ይህ ምን ያህል እንደሚሠራ ወረዳዎች ይለያያሉና ጠበቃዎን ይጠይቁ።

በማደሙ ምክንያት በሌሎች ክሶችም ተፈርዶብዎት ከሆነ እነርሱንም ያካትቱ። አንዱ አዳሚ በሌላው ለተፈጸመ ወንጀል የሚጠየቅበት ደንብ የመጣው በ1946 ከፒንከርተን ጉዳይ ነው፤ እርሱም የታክስ ሕግ በመተላለፍ የተከሰሱ ወንድማማቾች ጉዳይ ነበር። ሴራው ከወደቀ በእርሱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለው ክስም ይወድቃል።

ስድስተኛ፦ የይግባኝ ክርክሩን መጻፍ

መዝገቡ ለይግባኝ ፍርድ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ደንቡ ይግባኝ ባዩ በ40 ቀን ጽሑፉን እንዲያቀርብ፣ ዐቃቤ ሕጉ በ30 ቀን እንዲመልስ፣ ይግባኝ ባዩም በ21 ቀን የመልስ መልስ እንዲያቀርብ ይላል፤ ፍርድ ቤቱ የራሱን ቀጠሮ ካወጣ ግን በእርሱ ይሂዱ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከ13,000 የእንግሊዝኛ ቃላት መብለጥ የለበትም። ደካማ ነጥቦችን ሁሉ ሰብስቦ አሥር ምክንያት ከማቅረብ ይልቅ፣ አንዱን የጎደለ ፍሬ ነገር ከሥሩ ይዞ መሄድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉ ሲዘጋጅ አንድ ልማድ ይያዙ፦ የሚጎዳዎትን ማስረጃ አይደብቁ። ዐቃቤ ሕጉ ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ ይግባኙ በሙሉ እምነት ያጣል። «ደንበኛዬ ስለ ካሹ ምንም አታውቅም ነበር» ብሎ መጻፍ ጁሪው ያየውን መካድ ነው። በምትኩ እንዲህ ይጻፋል፦ «ጁሪው በገጽ 412 ያለውን ምስክርነት ቢያምን፣ ይግባኝ ባይ ካሹ በተለየ ደብተር እንደሚያዝ ታውቅ ነበር። ነገር ግን ታክስ አዘጋጁ ያንን ደብተር እንዳላየው፣ ወይም በሪተርኑ ውስጥ ምን እንደተጻፈ ታውቅ እንደነበር የሚያስረዳ አንድም መስመር በመዝገቡ ውስጥ የለም።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለዐቃቤ ሕጉ የሚገባውን ሁሉ ሰጥቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጉድለቱን በጣት ያሳያል። አራተኛው ዓምድዎ እዚህ ይጠቅማል።

ይግባኙ እስኪወሰን

ከእስር ውጭ ሆኖ መቆየት በራሱ አይመጣም። በርዕስ 18 አንቀጽ 3143 መሠረት የማይሸሹና ለኅብረተሰቡ የማያሰጉ መሆንዎን በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማሳየት፣ በተጨማሪም ይግባኙ ለማጓተት ሳይሆን ፍርዱን ሊያስለውጥ የሚችል ብርቱ ጥያቄ የያዘ መሆኑን ማሳመን ያስፈልጋል። ጥያቄው በመጀመሪያ ለፈረደው ዳኛ ይቀርባል። ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ፓስፖርት፣ አዲስ አበባ ያለ ቤት፣ ውጭ ያለ የባንክ ሒሳብ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር ይነሳል፤ ቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩት።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይዝ አንድም እርምጃ መሄድ የለበትም። ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የማጭበርበር ወይም ታክስ የመሰወር ወንጀል፣ እርሱንም ለመፈጸም ማደም፣ ለመባረር የሚያበቃ ከባድ ወንጀል ተብሎ ይመደባል። ሐሰተኛ ሪተርን ማቅረብም በዚሁ ውስጥ እንደሚገባ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 በካዋሺማ ጉዳይ ወስኗል።

ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት ዳኞች ናቸው። የቃል ክርክር ከተፈቀደ ለእያንዳንዱ ወገን የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ ዳኞቹም በመካከል ጥያቄ ያበዛሉ። ተከሳሹ አይናገርም። ለቤተሰብ ይህ ግራ የሚያጋባ ቀን ነው፤ ከወራት ጥበቃ በኋላ ነገሩ ሻይ ሳይፈላ ያልቃል።

ውሳኔው ሲመጣ

ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ፍርዱ ከተሻረ፣ ዐቃቤ ሕግ በዚያው ክስ እንደገና ሊያቀርብዎት አይችልም፤ ይህን በ1978 የበርክስ ጉዳይ አስቀምጦታል። ለዚህም ነው ይህ ይግባኝ አስቸጋሪ ቢሆንም ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው። የከፈሉት መቀጮና ካሳም የሚመለስ መሆኑን በ2017 በኔልሰን እና በኮሎራዶ ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ይደግፋል። የታክስ ዕዳው ግን ሌላ ነገር ነው። በወንጀሉ ነፃ መውጣት አይአርኤስ በፍትሐ ብሔር መንገድ ታክሱን፣ ወለዱንና የማጭበርበር ቅጣቱን ከመጠየቅ አያግደውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የተናገረው በ1938 ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሰነዶቹን አይጣሉ።

ፍርዱ ከጸና በ14 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ ማመልከት፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቤት ማለት ይቻላል። ጠበቃዬ አልተከላከለልኝም የሚል ቅሬታ ያለው ሰው፣ በተለይ ያ የአማርኛ መልእክት አስተርጓሚ ሳይቀርብለት የቀረ፣ ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንቀጽ 2255 ያመለክታል፤ ዓመቱ የሚቆጠርበትን ዕለት ከጠበቃው ጋር በጽሑፍ ይያዝ።